ካንሰር አጥንትን ሲበላ ጡንቻ ለምን ይዝላል?

በየሰፈሩ ካንሰር የያዘው ሰው ሲደክም «እህል አልቀምስ ብሎ ነው»፣ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ሲባል እንሰማለን። እውን ነገሩ ይህ ብቻ ነውን? ካንሰር በአጥንትና በጡንቻ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ይህንንም ሲያጠኑ የኖሩ አንዲት ተመራማሪ ምን እንዳገኙ ባጭሩ እንመልከት።

በመጀመሪያ አጥንት ምንድን ነው? እንደ ድንጋይ በድን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አጥንት ሕይወት ያለው፣ ዘወትር እየፈረሰ የሚታደስ አካል ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱት ሴሎች ኦስቲዮክላስት ይባላሉ፤ በፈረሰው ቦታ አዲስ የሚገነቡት ደግሞ ኦስቲዮብላስት ይባላሉ። ሁለቱ ተመጣጥነው ሲሠሩ አጥንት ይጠነክራል። ከዚህም ሌላ አጥንት ማከማቻ ነው። የኛው የለገዳዲ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፣ ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የተጠራቀመው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ሴሎችን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖችም እዚያው አጥንት ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እ.ኤ.አ. በ1889 ስቲቨን ፓጄት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መርምረው ነበር። ካንሰሩ ከጡት ተነሥቶ ወደ ሌላ አካል ሲሄድ እንዲያው በዘፈቀደ እንደማይሄድ ተገነዘቡ፤ መርጦ ከሚያርፍባቸው አንዱ አጥንት ነው። ገበሬም ይህን ያውቀዋል፤ ዘር የትም ቢበተን ጭንጫ ላይ አያፈራም። ታዲያ አጥንት ለካንሰር የለማ መሬት የሆነው በምን ምክንያት ነው? መልሱ እስኪገኝ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

ከመለሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ሐኪምና ተመራማሪ ዶክተር ቴሬዛ ጋይዝ ናቸው። በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ከታወቁት የአጥንት ተመራማሪ ከግሪጎሪ መንዲ ጋር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ጥናታቸው የሰው የጡት ካንሰር ሴል በአይጦች ላይ አድርገው ተከታተሉ። ካንሰሩ ፓራታይሮይድ ሆርሞንን የሚመስል ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህም አፍራሾቹን ሴሎች ያነሣሣል። ፕሮቲኑን የሚያግድ ፀረ አካል ሲሰጥ የአጥንቱ መበላት ቀነሰ።

አጥንቱ ሲፈርስ ያ የተቀበረው ሀብት ይለቀቃል። ከተለቀቁት ፕሮቲኖች አንዱ ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የሚባለው ነው፤ እሱም ካንሰሩን ይበልጥ ያበረታዋል። ካንሰሩ ሲበረታ አጥንቱን ያስፈርሳል፣ አጥንቱ ሲፈርስ ካንሰሩን ይመግበዋል። አዙሪት ማለት ይህ ነው።

ግድብ ሲሸነቆር ግን ጉዳቱ እዚያው ግድቡ ዘንድ ይቀራል እንዴ? አይቀርም፤ ታች ያለውም ይነካል። ዶክተር ጋይዝ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ከነዴቪድ ዋኒንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳየ። ጡንቻ የሚኮማተረው በሴሉ ውስጥ የካልሲየም በር ሲከፈት ነው፤ የሚላላውም በሩ ተዘግቶ ካልሲየሙ ወደ ማከማቻው ሲመለስ ነው። ከፈረሰው አጥንት በደም የመጣው ቲ ጂ ኤፍ ቤታ ይህን በር እንደ ብረት እንዲዝግ ያደርገዋል። የዛገ በር ደግሞ በደንብ አይገጥምምና ካልሲየሙ ያለጊዜው ይንጠባጠባል፤ ጡንቻውም ጉልበት ያጣል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ካንሰሩ ጡት ላይ ብቻ ባለባቸው፣ አጥንት ባልገባባቸው አይጦች ይህ ድካም አልታየም። ቲ ጂ ኤፍ ቤታን ወይም የአጥንቱን መፍረስ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ የጡንቻው ጉልበት ተሻሻለ። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ሰዎች በተወሰደ ጡንቻም የዛገው በር ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት አይደለም። ሆኖም የአጥንትን መፍረስ የሚገቱ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ የሕመምተኞችን አጥንት ከስብራት ለመጠበቅ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለኛ ለዕጩ መምህራን ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የሕመምተኛው ድካም ስንፍና አይደለም፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው። «በርታ እንጂ!» እያሉ መገሠጽ አይፈውሰውም። ሁለተኛ፣ ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ሰው አዲስ የአጥንት ሕመም ሲሰማው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት የለበትም፤ የተበላ አጥንት በትንሽ ጫና ሊሰበር ይችላል። በተለይም ጀርባው እያመመው እግሩ ከዛለ፣ ቀን ሳይቆጥር ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሦስተኛ፣ የጨረር ሕክምና የአጥንቱን ሕመም ያስታግሳል። በአገራችን ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል።

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሌላው ካንሰር ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ እሱም አጥንት ከሚወዱት አንዱ ነው። አጥንት ሳይገባ ከተደረሰበት ግን የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። ነገ በየቀበሌው ስንሰማራ የተማሪ እናት «ጡቴ ላይ እብጠት አለ» ብትለን፣ «ይጠፋል ተይው» ሳይሆን «ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ» እንበላት። ፊደል ከማስቆጠር ጋር ይህም የመምህር ሥራ ነው።