መሬት ቢጠብም ሥራ አይጥበብ

በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ወይም ቅሬ ሲሰበሰብ፣ እንዲህ ያለ ወግ ይሰማል። ወጣቱ ይጠይቃል፦

«አባባ፣ ያባቴ መሬት ለአራት ወንድማማች ቢካፈል ለእኔ ምን ይደርሰኛል?»

ሽማግሌው ይመልሳሉ፦ «ልጄ፣ በሬ የሚዞርበት ያህል እንኳ አይደርስህም።»

«ታዲያ ምን ሠርቼ ልደር?»

እዚህ ላይ ሽማግሌውም ዝም ይላሉ።

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ጥያቄ አይደለም። የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲ፣ የለጋምቦና የመቅደላ ገበሬ ሁሉ ጥያቄ ነው። አገሩን የዓባይና የበሽሎ ገደል ቆራርጦታል። ሰው በዝቷል፤ መሬት አልበዛም። በልግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ ባቄላውን በረዶ ያረግፈዋል። በአንድ ሥራ ብቻ የሚተማመን ቤት፣ ያች ሥራ በከሸፈች ጊዜ ይራባል።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አነስተኛ ሥራ ነው። ጥቂት ሰዎች፣ ጥቂት ገንዘብ ይዘው፣ አንድ ሥራ ቢጀምሩ ሥራው እንዴት ይጸናል? ብዙዎች ጀምረው ለምን ይበተናሉ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ አገር አንሄድም። እዚሁ በአማራ ክልል፣ ከበሽሎ ማዶ ያሉ ገበሬዎች የሠሩትን እንመልከት።

ከአውራ አምባ የምንማረው

አውራ አምባ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለች መንደር ናት። የመሠረቷት አቶ ዙምራ ኑሩ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያደጉ ገበሬ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ገበሬዎች ጋር አብረው መኖርና መሥራት ጀመሩ። ሐሳባቸው አጭር ነበር፦ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፤ ሥራ በጾታ አይከፈልም፤ አቅመ ደካማ አይጣልም፤ መስረቅና መዋሸት ነውር ነው።

ነገሩ አልጋ ባልጋ አልሆነላቸውም። ጎረቤቱ በጥርጣሬ ዐይን አያቸው። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ አካባቢውን ለቀው ወደ ደቡብ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ያህል ነበር።

እስቲ እናስላው። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው ብንል፣ 17.5 ሄክታር 70 ጥማድ ይሆናል። የመንደሩ ሰው እየበዛ ሄዶ ከ400 በላይ ሆነ። 70 ጥማድ ለ400 ሰው ቢካፈል አንድ ጥማድ ለስድስት ሰው ገደማ ይደርሳል። በዚህ መሬት ላይ እያረሱ ብቻ መኖር አይቻልም።

ታዲያ ምን አደረጉ? እርሻውን አልተዉም። ነገር ግን ወደ ፈትልና ወደ ሽመና ዞሩ። ከዚያም ወፍጮ ተከሉ፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ እህሉን እዚያ ያስፈጫል። ሱቅ ከፈቱ። ኑሯቸውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ። ከ50 ዓመት በላይ የዘለቀው መንደር የቆመው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። እኛስ ከዚህ ምን እንወስዳለን?

አንደኛ፦ ሥራ ለቻለ ሰው ይሰጥ

በአውራ አምባ ወንድ ጥጥ ይፈትላል፤ ሴት ሸማ ትሠራለች። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ታርሳለች። ሥራ የሚሰጠው «ማን ይችላል?» ተብሎ ነው፤ «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ተብሎ አይደለም።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የእኛን አገር ባና እንውሰድ። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ሸማኔው ይሠራዋል። በልማዳችን የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሠራው ወንድ ነው። ሸማኔው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ክር ለመፍተል ግን ብዙ ቀን ያስፈልጋል። ሴቲቱ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትጋግራለች፣ ልጅ ታጠባለች። እንዝርቱን የምታነሣው ማታ፣ ደክሟት ነው። በዚህ ጊዜ ሸማኔው ክር አጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ባናው የሚዘገየው በሸማኔው ስንፍና አይደለም፤ በክር እጦት ነው። ባል፣ ወንድምና አያት እንዝርት ቢያነሱ ግን ሸማኔው ሥራ አይፈታም። ወንድ ልጅ ቢፈትል ወንድነቱ አይቀንስም፤ ገቢው ይጨምራል እንጂ።

ሁለተኛ፦ ሥራው ከወቅቱ ጋር ይዙር

ብልህ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ ማሳ መውጣት የማይችል አዛውንት ቤት ሆኖ ይፈትላል። አዝመራ ከገባ በኋላ ደግሞ ሁሉም ወደ እጅ ሥራው ይዞራል።

ገበያውንም ማየት ያስፈልጋል። ባናና ዝተት የሚፈለገው ብርድ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊትና ከጥቅምት ውርጭ በፊት ተሠርቶ ይለቅ። በግ የሚያደልብም እንዲሁ ነው። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ገበያ አለ፤ የኢድና የአረፋ ገበያም አለ። የአረፋ ቀን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ እንደሚመጣ አትርሱ። አምና የሸጣችሁበትን ቀን ዘንድሮ ብትጠብቁ ገበያው ያመልጣችኋል። በጉን ከበዓሉ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ መቀለብ መጀመር ይበጃል።

ሦስተኛ፦ በአንድ እግር አትቁሙ

አውራ አምባ የሸማ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወፍጮው ይሠራል። የወፍጮው ሥራ ሲቀንስ ሱቁ አለ። የእኛም ማኅበር ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ሥራ ቢይዝ መልካም ነው። ለምሳሌ ባና፣ በግ ማድለብና ንብ ማነብ አብረው ይሄዳሉ። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንዱን ጀምሩ፤ ሲቆም ሁለተኛውን ጨምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

አራተኛ፦ መዝገብ ያዙ

ማኅበርን የሚያፈርሰው ድህነት ብቻ አይደለም። «እኔ ብዙ ሠራሁ፣ እርሱ ዝም ብሎ በላ» የሚለው ጠብ ነው። የዚህ መድኃኒቱ ደብተር ነው። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው። ለሒሳብ መማሪያ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንይ። ገንዘቡ ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው።

አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 300 ብር አዋጡ። ጠቅላላው 3,000 ብር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 2,000 ብሩን ለጠጉርና ለዕቃ አወጡ። 1,000 ብሩን ላልታሰበ ችግር አስቀመጡ። ከሁለት ወር በኋላ የሠሩትን በ4,400 ብር ሸጡ።

ከሽያጭ የተገኘ፦ 4,400 ብር
የወጣ ወጪ፦ 2,000 ብር
ትርፍ፦ 2,400 ብር

ከትርፉ ሩቡን፣ ማለት 600 ብሩን፣ ለመጠባበቂያ አስቀሩ። 1,800 ብር ቀረ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው የሁሉም የሥራ ቀን ሲደመር 90 ቀን ነው። 1,800 ለ90 ሲካፈል ለአንድ የሥራ ቀን 20 ብር ይደርሳል። 12 ቀን የሠራ 240 ብር ይወስዳል፤ 7 ቀን የሠራ 140 ብር ይወስዳል። ሁሉም ደብተሩን ያያል፤ ማንም አያጉረመርምም።

በአውራ አምባ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት የዓመቱን ትርፍ እኩል ነው የሚካፈሉት። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። ዋናው ነገር የትኛውን እንደመረጣችሁ ሥራው ሳይጀመር ተስማምታችሁ መጻፋችሁ ነው። ከተሸጠ በኋላ መነጋገር ጠብ ነው።

አምስተኛ፦ የደከመውን አትጣሉ

በአውራ አምባ ያረጀና ጧሪ የሌለው ሰው የሚጦርበት ቤት አለ። የመንደሩ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ። ይህ ጽድቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ ዘዴም ነው። ዛሬ ብርቱ የሆነ ሰው ነገ ሊታመም ይችላል። ዛሬ የምትሠራ ሴት ነገ ትወልዳለች። «በወደቅሁ ጊዜ ማኅበሬ ያነሣኛል» ብሎ የሚያምን ሰው በሙሉ ልቡ ይሠራል። የማያምን ግን አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ ነው የሚሠራው።

በግድ የቆመ አይጸናም

እዚህ ላይ ታላላቆቻችን የሚያስታውሱትን እናንሣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። በኋላም በየአገሩ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተመሠረቱ። መሬትና በሬ አንድ ላይ ሆኑ። ነገር ግን ብዙው ሰው የገባው አምኖበት አልነበረም፤ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አውራ አምባም በኅብረት የሚሠራ መንደር ነው። እርሱ ግን ተሰዶም ተመልሶ ቆመ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አውራ አምባዎች በራሳቸው ፈቃድ ነው የተሰባሰቡት፤ ችግር ሲመጣም ራሳቸው ተመካክረው ሥራቸውን ለወጡ። ትእዛዝ ግን ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም አይለወጥም።

በእርግጥ በአውራ አምባ አኗኗር ሁሉም ሰው አይስማማም። የሰርግ ድግስ አይደግሱም፤ ለለቅሶም ብዙ ቀን ሥራ አይፈቱም። እኛ የራሳችን ሃይማኖትና ወግ አለን። ሁሉንም እንቅዳ አንልም። የሚስማማንን የሥራ ዘዴ እንውሰድ፤ ሌላውን ለእነርሱ እንተው።

ደግሞስ አብሮ መሥራት ለወሎ ገበሬ አዲስ ነገር ነውን? ጅጌ አለን፤ ወንፈል አለን፤ እቁብ አለን፤ ቅሬ አለን። በጅጌ የሰው አዝመራ እናነሣለን፤ በቅሬ ሙት እንቀብራለን። ለመቅበር የተባበርን ሰዎች ለመኖር መተባበር አያቅተንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

እንግዲህ ያ ወጣት መጥቶ ሲጠይቅ ሽማግሌው እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ልጄ፣ መሬቱ አይበቃህም፤ እውነት ነው። ነገር ግን እጅ አለህ፤ የምታምናቸው አምስት ባልንጀሮች ፈልግ። አንድ ደብተር ግዛ። በሚመጣው ማክሰኞ እኔ ቤት ተሰብሰቡ፤ እኔም እንዝርት ይዤ እጠብቃችኋለሁ።»

ለውይይት

1. በአካባቢያችሁ ጥሬ ዕቃው እያለ የማይሠራ ምን ሥራ አለ?
2. በቤታችሁ ሥራ የሚዘገየው የት ላይ ነው? ማን ቢያግዝ ይፈጥናል?
3. ትርፍ በሥራ ቀን ቢካፈል ይሻላል ወይስ እኩል? ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ለባልንጀራችሁ አንብቡለት።