የልጅ ጊታር በልጅ ልክ

የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ስንገዛ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገን ነው። ልጅ ያድጋል፤ ዘንድሮ የሰፋው ሹራብ ለከርሞ ልኩ ይሆናል፣ እስከዚያው እጅጌው ይታጠፋል። ጊታር ሲገዛም ይኸው ልማድ ይመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ጊታር ልማር ሲል "ሲያድግ ይደርስበታል" ተብሎ የአዋቂ ጊታር ይገዛለታል። ልጁ መሣሪያውን ለማቀፍ ቀኝ ትከሻውን ይሰቅላል፣ ግራ ክንዱን እስከ ጥግ ይዘረጋል፣ ጣቶቹ የያዙትን ለማየት ወገቡን ያጣምማል። ጥቂት ሳምንት ይታገልና "እጄን አመመኝ" ብሎ ይተወዋል። ቤተሰቡም ለሙዚቃ አልተፈጠረም ብሎ ይፈርዳል። ብዙ ልጆች ያለ ጥፋታቸው ይህ ፍርድ ተፈርዶባቸዋል። ለሕፃን የመጀመሪያ ጊታር ሲመረጥ ከዋጋውም፣ ከስሙም፣ ከድምፁም በፊት መታየት ያለበት ልኩ ነው።

ሙሉ ልክ የሚባለው ጊታር ለአዋቂ ክንድ የተቀየሰ ነው። ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለውን ቅርጽ ያስያዘው ከ1817 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የኖረው የአልሜሪያ ሰው፣ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። የጊታር ክሮች በሁለት ነጫጭ ቁራጮች ላይ ተወጥረው ያርፋሉ። አንዱ ከአንገቱ ጫፍ፣ መቃኛዎቹ አጠገብ ነው፤ ሌላው ከሆዱ ላይ፣ ብሪጅ በሚባለው እንጨት ውስጥ ተሰክቷል። ከአጥንት ወይም ከፕላስቲክ ስለሚሠሩ የላይኛውና የታችኛው አጥንት ልበላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የክር ርዝመት በዛሬው ሙሉ ጊታር 650 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቶሬስ የተወረሰ ልክ ነው። የጊታር ልክ ሲባል በዋናነት የሚፈለገው ይህ ቁጥር ነው።

ከሙሉው በታች ሦስት ልኮች በብዛት ይሠራሉ፦ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽና ሩብ። ስሞቹ ያሳስታሉ። ግማሽ የተባለው ጊታር የክሩ ርዝመት 530 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሙሉውን አራት አምስተኛ ያህላል። ሩቡ 480 አካባቢ፣ ሦስት አራተኛው 580 አካባቢ ነው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። እንደ ልማድ ሩቡ ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ ግማሹ ከ6 እስከ 8፣ ሦስት አራተኛው ከ8 እስከ 11 ላሉ ልጆች ይሆናል፤ ሙሉው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዕድሜ ግን ፍንጭ ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ከሚማሩ ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ሌላውን በራስ ሊበልጠው ይችላል።

ርዝመቱ ለጣት ምን ማለት እንደሆነ እንየው። ጀማሪ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው አንገቱን አቋርጠው ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ በመጀመሪያዎቹ አራቱ ላይ ነው። በሙሉ ጊታር ከላይኛው አጥንት እስከ አራተኛው ፍሬት 13.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ክሩ 480 ሚሊ ሜትር በሆነው ሩብ ጊታር ደግሞ 9.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ለአዋቂ ኢምንት ነው፤ የስድስት ዓመት ሕፃን ግን አመልካች ጣቷን አንደኛው ፍሬት ላይ አሳርፋ በትንሿ ጣቷ አራተኛውን መንካት መቻል አለመቻሏ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ስለዚህ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ እግሩ መሬት በሚነካበት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ጊታሩን ጭኑ ላይ ያኑር። ቀኝ ክንዱ በጊታሩ ሆድ ላይ አልፎ ትከሻው ሳይነሳ ክሮቹ ጋ መድረስ አለበት። ግራ እጁ አንደኛውን ፍሬት ሲይዝ ክርኑ እንደታጠፈ መሆን አለበት፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ጊታሩ ረዝሞበታል። አገጩ ከጊታሩ ጠርዝ ጋር የሚጋጭ ከሆነም ሆዱ ገዝፎበታል። ሁለት ልክ አማርጣችሁ ስታመነቱ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ በትንሽ ጊታር ይጫወታል፤ ትንሽ ልጅ በትልቅ ጊታር ግን ይሰቃያል።

ከልኩ ቀጥሎ ክሩ ነው። አኩስቲክ ጊታር ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ናይለንና ባለ ብረት ክር። ለሕፃን ያለ ክርክር ባለ ናይለኑ ይሁን። ስድስቱ የብረት ክሮች ተደምረው 70 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ይወጠራሉ፤ የናይለኖቹ 40 ኪሎ ገደማ ነው። የብረቱ ቀጭን ክር የልጅን የጣት ጫፍ ይሰረስረዋል። ናይለኑም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣት ያሳምማል፣ ግን ልጅ የሚችለው ሕመም ነው፤ ቆዳው ጠንከር ሲል ይጠፋል። በልምምድ መጀመሪያ ላይ በቀን አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ናይለን ራሱ ለጊታር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ክሩ ከእንስሳት አንጀት ይገመድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቀዶ ሕክምና ክር ሲፈለግ ለጊታር እጥረት መጣ፤ የኒው ዮርኩ ጊታር ሠሪ አልበርት ኦገስቲን በ1940ዎቹ ናይለን ሞከረ፣ ታላቁ ስፔናዊ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያም ደግፎት ዓለም ተቀበለው። የእኛም የክራር ክር በአብዛኛው ከጅማት ወደ ናይለን ተሻግሯል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ገዢን ያደናግራል። በባለ ናይለኑ ጊታር ላይ ሦስቱ ወፍራም ክሮች ብር በሚመስል ቀጭን ሽቦ የተጠቀለሉ ስለሆኑ ከሩቅ የብረት ይመስላሉ፤ ውስጣቸው የናይለን ጭረት ነው። ለይቶ ለማወቅ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ላስቲክ መሳይ ከሆኑ ናይለን ናቸው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የልጅ ነው ማለትም አይቻልም፤ ለጉዞ ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ ጊታሮች ብዙዎቹ ባለ ብረት ክር ናቸው። ክር ሲበጠስም በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር አታስሩ፤ ለዚያ ውጥረት ስላልተሠራ የፊቱ ጣውላ ያብጣል፣ ብሪጁም ተገንጥሎ ሊነሳ ይችላል።

ልኩም ክሩም ተስማምቶ ጊታሩ አሁንም የማይያዝ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው መሰቀላቸው ነው፤ ርካሽ ጊታር ላይ አዘውትሮ የሚታይ ጉድለት ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱና አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለውን ክፍተት ለኩ። ሦስት ወይም ሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ከሆነ መልካም ነው፤ አምስት ከሆነ ለልጅ አይሆንም። ቀጥሎ ልጁ ራሱ ቀጭኑን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ይጫን። ሳያጉረመርም የጠራ ድምፅ ካወጣ ጊታሩ አልፏል። ጊታር የሚጠግን ባለሙያ አጥንቶቹን ሞርዶ ክሮቹን ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ እንዲህ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ካልተስተካከለ ውድ ጊታር ለልጅ ይሻላል።

ሙዚቃ የማይጫወት ወላጅም ሊያደርገው የሚችል ሌላ ፍተሻ አለ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ አጋማሽ ነው። በሜትር ከላይኛው አጥንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ ከዚያም እስከ ታችኛው አጥንት ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ የታችኛው በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ትክክል ነው። በግልጽ ከተለያዩ ያ ጊታር የቱንም ያህል ቢቃኝ ወደ ላይ ሲኬድ ድምፁ ይዛባል። ስልክ ላይ መቃኛ አፕ ካላችሁ ደግሞ ክሩን ባዶውን፣ ቀጥሎም አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት፤ አንድ ዓይነት ኖታ ማሳየት አለበት። ከመጫወቻ ሱቅ የሚገዙ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ጊታሮች የሚወድቁት በዚህ ነው። ልጅ ጆሮው በሚሠራበት ዕድሜ ጠማማ ድምፅ ማስለመድ ያሳዝነኛል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አትጨነቁ። የፊቱ ጣውላ ከአንድ ወጥ እንጨት ሲሆን ድምፁ ያምራል፤ ለሕፃን ግን ኮምፔንሳቶው በቂ ነው፣ መውደቅና መጋጨትንም ይችላል። እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራቱ፤ የፍሬቶቹ ጫፍ የሚቧጭር ከሆነ የልጁንም ጣት ይቧጭራል። መቃኛዎቹም ሳይንሸራተቱ ይዙሩ።

ብዙ የልጅ ጊታር ወደ አገር ቤት የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ። ለአክስት ወይም ለአጎት "ለልጅ የሚሆን ጊታር" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የልጁን ቁመት፣ የምትፈልጉትን የክር ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ናይለን መሆን እንዳለበትም ጻፉላቸው። ለበረራ ክሮቹ ትንሽ ላላ ይደረጉ። እርጥበት ከበዛበት የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደ አዲስ አበባ የበጋ ደረቅ አየር የሚመጣ ወጥ እንጨት ጊታር ተኮማትሮ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ በማስቀመጫው ውስጥ ይቆይ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። መኪና ውስጥ ረስቶ መዋል ጊታር ይገድላል።

ግራኝ ልጅ ያላችሁ አትቸኩሉ። በጊታር ሁለቱም እጆች ከባድ ሥራ አላቸው፤ ብዙ ግራኞችም በተለመደው አያያዝ ይጫወታሉ። ልጁ ሁለቱንም አያያዝ ይሞክርና እጁ የመረጠውን ተከተሉ።

ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጊታር አልመክርም። ባለ አራት ክሩ ዩኩሌሌ አለ፤ ያማሃ የሚሠራው ጊታሌሌም የክሩ ርዝመት 433 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስድስት የናይለን ክሮች አሉት፤ የሚቃኘው ግን ከጊታር ከፍ ብሎ ነው። እኔ ከሁሉም በፊት ክራርን አስባለሁ። በተቃኘ ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ ስላለው ልጅ ፍሬት ሳይጫን ትዝታን ወይም ባቲን በጆሮው ይለያል።

ያንን ጆሮ ይዞ ጊታር የሚጀምር ልጅ ለመጀመሪያው ሳምንት የውጭ አገር መልመጃ አያስፈልገውም። ከቀጭኑ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛውን ክር ባዶውን ይምታ፤ ሶል ነው። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲጫነው ላ ይሆናል። ሁለተኛው ክር አንደኛው ፍሬት ላይ ዶ፣ ሦስተኛው ላይ ሬ ነው። ቀጭኑ ክር ባዶውን ሚ፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ሶል ነው። በእነዚህ ስድስት ድምፆች የትዝታ ቅኝት ሙሉ ነው፤ እናቱ የምታንጎራጉረውን ዜማ ፈልጎ ሊያገኝባቸው ይችላል።

የልጁ ጣት አድጎ ፍሬቶቹ ሲጠቡት ወደሚቀጥለው ልክ ይሻገር። ትንሹን ጊታር ቁም ሳጥን ላይ አትስቀሉት፤ አዲስ ክር አስሩለትና ለታናሽ ወይም ለጎረቤት ልጅ ስጡት።