ያውቁ ኖሯል? እርሳስና የእንቅስቃሴ ነርቮች

እርሳስ የተባለው ብረት ወደ ሰውነት ሲገባ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውነት እንደ ካልሲየም ይቀበለዋልና። ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ ደም ይመለሳል። ነርቭን መጉዳቱ ከጥንት የታወቀ ነው። እርሳስ ባለበት ቀለም ለዓመታት የሠሩ ቀለም ቀቢዎች ክንዳቸውን ሲዘረጉ እጃቸው ከአንጓው ላይ ወደ ታች ይንጠለጠል ነበር። ይህ ጉዳት ከእርሳሱ ሲርቁ ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

ኤ ኤል ኤስ የሚባለው በሽታ ከዚህ እጅግ ይከፋል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሆነው ጡንቻን የሚያዙት ሴሎች ይሞታሉ፤ እጅና እግር ይዝላሉ፣ መናገርና መዋጥ ያቅታል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ይከብዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ አራን በ1850 እ.ኤ.አ. ጡንቻቸው እየሟሸሸ ከሄደ ታማሚዎቹ መካከል ለእርሳስ የተጋለጡ እንደነበሩ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ጥናቶች በሥራቸው ለእርሳስ የተጋለጡ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። መንስኤው እርሳስ ነው ለማለት ግን ይህ አይበቃም፤ አብዛኞቹ የተጋለጡ ሰዎች በኤ ኤል ኤስ አይያዙም።

ያም ሆኖ እርሳስ በሌላም መንገድ መርዝ ነው። የመኪና ባትሪ የሚፈቱና አሮጌ ቀለም የሚፍቁ ሠራተኞች ከአቧራው የሚከላከል ጭምብል ያድርጉ፤ የሥራ ልብሳቸውንም ልጆች ወዳሉበት ቤት ይዘው አይግቡ።