የጨቅላው ቢጫነት፦ የጠዋት ፀሐይ ይበቃል?

አራስ ጥየቃ የመጣች ጎረቤት «ዓይኑ ቢጫ አላለም እንዴ?» ካለች መልሱ ወዲያው ነው፤ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል።» አብዛኛውን ጊዜም ይለቀዋል። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱት 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም ምንም ሳይደረግላቸው ይጠራሉ። ምስጋናው ግን ለፀሐይዋ ይሆናል።

ተረት፦ የወፍ በሽታ ነው።

እውነታ፦ በአዋቂ ላይ የወፍ በሽታ የምንለው በአብዛኛው የጉበት ሕመም ነው። የጨቅላው ሌላ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ አርጅቶ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ቅሪት ይተዋል። በማኅፀን ሳለ ይህን የምታስወግድለት እናቱ ነበረች፤ ከተወለደ በኋላ ሥራው ገና ባልጠነከረው ጉበቱ ላይ ይወድቃል። ይህ ቢጫነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አመጣችው የምትባለው የሌሊት ወፍም ከደሙ ንጹሕ ናት።

ተረት፦ የጠዋት ፀሐይ መድኃኒቱ ነው።

እውነታ፦ ይህኛው የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ በሮችፎርድ ሆስፒታል ጂን ዋርድ የተባለች ነርስ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንዱን ገልጣ ለሐኪሞቹ ስታሳያቸው ፀሐይ ያገኘው ገላው ነጣ ብሎ፣ ጨርቅ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምናየው ሰማያዊ መብራት የተገኘው ከዚያ ተነስቶ ነው። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ከሐሞትና ከሽንት ጋር ሊወጣ በሚችል መልክ ይለውጠዋል።

ታዲያ ፀሐይዋስ? መጠኗ አይለካም፣ ቆዳም ታቃጥላለች። ደግሞ እኛ ቤት ሕፃን ፀሐይ ሞቀ የሚባለው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ብቻ ወጥቶ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። መብራቱ ሥር ያለው ግን ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ከዳይፐሩ በቀር ራቁቱን፣ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይተኛል። በረንዳ ላይ እንዲሁ እናስተኛው ብንል ብርዱ አይምረውም። (ለቫይታሚን ዲ የሚመከረው ፀሐይ ሌላ ጉዳይ ነው።) ከሁሉ የሚከፋው ፀሐይዋን እየጠበቁ የሚያልፉት ቀናት ናቸው። ቢሊሩቢን ከልክ አልፎ አንጎል ከገባ የመስማትና የእንቅስቃሴ ጉዳት ያስከትላል፤ ጉዳቱም አይመለስም።

ተረት፦ ያመጣበት እንገሩ ነው፤ ታልቦ ይጣልና ስኳር ውኃ ይሰጠው።

እውነታ፦ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቢሊሩቢን በብዛት የሚወጣው በሰገራ ነው፤ ያንን ጥቁር የመጀመሪያ ሰገራ ጠርጎ የሚያስወጣው ደግሞ እንገር ነው። ሰገራው ከዘገየ ቢሊሩቢኑ ከአንጀት ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ስኳር ውኃና ቅቤ የወተቱን ቦታ ይይዛሉ እንጂ አያጠሩትም። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ከተኛም ይቀስቀስ።

ተረት፦ ከሆስፒታል ደህና ሆኖ ወጥቷል፣ አያሰጋም።

እውነታ፦ ቢጫነቱ የሚብሰው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው። ብዙ እናቶች ያን ጊዜ ቤታቸው ገብተዋል፤ ያውም መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ውስጥ። ስለዚህ ልጁን በቀን ወደ መስኮት አቅርቡት። የአፍንጫውን ጫፍ ወይም ደረቱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጣታችሁ የተነሳበት ቦታ ቢጫ ይመስላል? ጠይም ከሆነ የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ። መጠኑን በእርግጠኝነት የሚናገረው ግን የደም ምርመራ ነው።

መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም በቀጭን ድምፅ እየጮኸ ወደ ኋላ ከተለጠጠ ወዲያውኑ ሐኪም ይየው። የእናትየው ደም ኦ ወይም አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምር፤ የሁለቱ ደም ካልተስማማ የልጁ ደም በፍጥነት ሊፈርስ ይችላል። ቢጫነቱ ከ14 ቀን ካለፈና ሰገራው እንደ አመድ ከነጣ የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚሳካው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነን ሕፃንም እስኪነጋ አትጠብቁት፤ በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።