ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ስለ መምረጥ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት የሚሠራ ወይም አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ለግድግዳው ብሎኬት፥ ለጣሪያው ቆርቆሮ፥ ለወለሉ ሴራሚክ ሲመርጥ ብዙ ቀን ያስባል፤ ዘመድ ያማክራል፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዘዋወራል። ወደ ውሃው ቧንቧ በደረሰ ጊዜ ግን ምርጫውን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ምክንያቱም ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ስለ ሆነ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን ተበላሽቶ በተገኘ ጊዜ ግድግዳ ማፍረስ የሚጠይቀው ይኸው የተቀበረው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቤት ውስጥ የሚዘረጋው የፕላስቲክ ቧንቧ በምን በምን መመርመርና መመረጥ እንዳለበት በአጭሩ ማስረዳት ነው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ቤት የደረሰውን እንደ ምሳሌ አቀርባለሁ። ቤቱ የአክስቴ ነው።

አክስቴ የሚኖሩበት ቤት ፎቅ የሌለው ነው። ውሃ በተራ የሚመጣ በመሆኑ በግቢው ውስጥ ከብረት በተሠራ ማማ ላይ ሮቶ ተቀምጧል። አሮጌው የብረት ቧንቧ ዝጎ ውሃው ቀይ እየሆነ ስላስቸገረ ሁሉንም በፕላስቲክ ለመለወጥ ቈረጡ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ «እትዬ፥ ቀጭኑ ይሁን ወይስ ወፍራሙ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ዕድሜ ያለውን አድርግልኝ፤ ሁለተኛ ግድግዳ ማስፈረስ አልፈልግም» አሉት። እርሱም በቅንነት ከሱቁ ከነበረው ሁሉ ወፍራሙንና ውዱን ገዝቶ ዘረጋ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሻወሩ ውሃ ከቀድሞው ይልቅ ደከመ። ሁለተኛ፥ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ልስኑ አብጦ ተገኘ፤ ማታ የሞላው ሮቶ ጠዋት ከግማሽ በታች ይሆን ጀመር። አክስቴ የፈሩት አልቀረም፤ ሴራሚኩ ተነቅሎ ግድግዳው ፈረሰ። ቧንቧው ራሱ ግን እንደ አዲስ ነበር። እንግዲህ ወፍራምና ውድ ቧንቧ ተገዝቶ ስለ ምን ይህ ሆነ? መልሱን ለማግኘት ከመነሻው እንጀምር።

1. ከብረት ወደ ፕላስቲክ

ለአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ መነሻው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ የሚወርደውን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲደርስ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በየቤቱ የሚገባው ቧንቧ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነበር። ይህ ብረት ጠንካራ ነው፤ ሙቀትንም ይችላል። ጉድለቱ ግን ልባጩ እያለቀ ሲሄድ ከውስጥ መዛጉ ነው። ዝገቱም ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ የውሃውንም መልክ ይለውጣል።

ፕላስቲክ በብረት ምትክ የገባው ስለማይዝግ፥ ቀላል ስለ ሆነና ለመዘርጋት ብዙ ድካም ስለማይጠይቅ ነው። ፖሊኤቲሊን በእንግሊዝ አገር በ1933 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ፖሊፕሮፒሊንን ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ጁሊዮ ናታ በኢጣልያ አስገኘ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. እርሱና ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ለእንዲህ ያለው ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ዛሬ በየሱቁ «ፕላስቲክ» በሚል አንድ ስም የሚሸጠው ቧንቧ እንግዲህ አንድ ነገር አይደለም፤ ጠባያቸው የተለያየ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

2. የቧንቧው ዓይነቶች

ሀ) ፒ.ቪ.ሲ.፦ ደረቅና ርካሽ ነው፤ በማጣበቂያ ይገጠማል። ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይሆናል፤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ለፍሳሽ የሚሠራው ፒ.ቪ.ሲ. ደግሞ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ አልተሠራምና ዋጋው ቢረክስም በዚህ ቦታ ሊገባ አይገባውም።

ለ) ሲ.ፒ.ቪ.ሲ.፦ ክሎሪን የተጨመረበት ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ይህም ጭማሪ ሙቅ ውሃን እስከ 80 ዲግሪ ያህል እንዲችል አድርጎታል። እርሱም በራሱ ማጣበቂያ ይገጠማል።

ሐ) ኤች.ዲ.ፒ.ኢ.፦ ጥቅጥቅ ያለ ፖሊኤቲሊን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ በጥቅል ይሸጣል። መጠቅለል ስለሚችል በረጅም መንገድ ላይ መገጣጠሚያ ያስቀንሳል። ጥቁረቱም ለጌጥ አይደለም፤ የተጨመረበት የካርቦን ጥላሸት ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ለቀዝቃዛ ውሃ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ፥ በመሬት ውስጥና በሜዳ ላይ ከሁሉ የሚሻል ይህ ነው።

መ) ፔክስ፦ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እንዲተሳሰሩ የተደረገ ፖሊኤቲሊን ነው። ሙቅም ቀዝቃዛም ይችላል፤ ይተጣጠፋል፤ ግን ልዩ የናስ መገጣጠሚያና መጭመቂያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ፀሐይንም አይወድም።

ሠ) ፒ.ፒ.አር.፦ ከፖሊፕሮፒሊን ዘር ነው። በአገራችን በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተዘርግቶ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ለሙቅም ለቀዝቃዛም ይሆናል። የሚገጠመው በማጣበቂያ ሳይሆን ቧንቧውንና ፊቲንጉን በጋለ መሣሪያ አቅልጦ በማዋሐድ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የአንዱ ታሪክ ለትምህርት ይጠቅማል። ፖሊቡቲሊን የሚባለው ቧንቧ ከ1978 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን በውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ቧንቧውንና በተለይም የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎቹን እየበላ ስላፈነዳቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎቹ 950 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ። ቧንቧ በተገዛበት ቀን ማማሩ ብቻ ምስክር እንደማይሆን ይህ ያሳያል።

3. በቧንቧው ላይ ስለ ተጻፈው ቁጥር

በፒ.ፒ.አር. ቧንቧ ላይ ፒ.ኤን. 10፥ ፒ.ኤን. 16 ወይም ፒ.ኤን. 20 የሚል ይነበባል። ይህ ቁጥር ቧንቧው 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ50 ዓመት ሊሸከመው የሚችለው ግፊት በባር ሲቈጠር ነው። አንድ ባር ማለት ዐሥር ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ከግርጌው የሚያሳርፈው ግፊት ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ቤት እንመለስ። የሮቶው ግርጌ ከሻወሩ ራስ በሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ሮቶው ሊያልቅ ሲል በሻወሩ ላይ ያለው ግፊት ሩብ ባር ብቻ ነው። የተገዛው ቧንቧ ግን ፒ.ኤን. 20 ነበር፤ ይኸውም ከሚያስፈልገው ሰማንያ እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው መሥመር ላይ የተከፈለው ትርፍ ዋጋ ጥቅም አልሰጠም። እንዲያውም ጎዳ፤ እንዴት እንደ ጎዳ ቀጥሎ እናያለን።

4. ስለ ውፍረትና ስለ ቀዳዳ

የብረት ቧንቧ በኢንች ሲጠራ ስሙ ለውስጡ ቀዳዳ የቀረበ ነው። የፒ.ፒ.አር. ስም ግን የውጩ ስፋት ነው። 20 ሚሊሜትር የሚባለው ቧንቧ ከውጭ 20 ሚሊሜትር ነው፤ የግድግዳው ውፍረት በጨመረ ቍጥር የሚጠበው ውስጡ ነው። ፒ.ኤን. 10 በሆነ ጊዜ ውፍረቱ 1.9፥ ቀዳዳው 16.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ፒ.ኤን. 20 በሆነ ጊዜ ግን ውፍረቱ 3.4፥ ቀዳዳው 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል።

የቀድሞው የግማሽ ኢንች ብረት ቀዳዳ ወደ 16 ሚሊሜትር ነበር። ሠራተኛው በግማሽ ኢንች ምትክ 20 ሚሊሜትር ወፍራሙን ሲያስገባ ውሃው የሚያልፍበት ቦታ በሲሶ ያህል ተቀነሰ። ፍሰቱ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይቀንሳል፤ በጠባብ ቀዳዳ ውሃው ከግድግዳው ጋር የሚያደርገው መፋተግ ይበዛልና። በፓምፕ ኀይል በሚገፋ ውሃ ይህ ብዙም አይታወቅም። በሮቶ ብቻ ለሚወርድ ደካማ ውሃ ግን ሻወሩን ማድከም ይበቃዋል። 25 ሚሊሜትር ፒ.ኤን. 20 ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው 16.6 ሚሊሜትር ስለ ሆነ እንደ ቀድሞው ይፈስ ነበር።

5. ስለ ሙቀትና ስለ ፀሐይ

ወፍራሙ ቧንቧ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ቦታው የሙቅ ውሃ መሥመር ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይደክማል፤ 70 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለብዙ ዓመት የሚሠራ ፒ.ፒ.አር. ሊሸከመው የሚችለው ግፊት በላዩ ከተጻፈው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከቦይለር የሚወጣው መሥመር ፒ.ኤን. 20 መሆኑ ተገቢ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ከሆነ ደግሞ ውሃው በበጋ ቀን ከዚህም በላይ ሊሞቅ ስለሚችል፥ ከማሞቂያው የሚወጣው የመጀመሪያው ክፍል ከብረት ወይም ከመዳብ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር መርዘም ነው። አንድ ሜትር ፒ.ፒ.አር. ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። 6 ሜትር የሆነ መሥመር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ36 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው፤ ብረት ቢሆን 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቧንቧው በልስን ተይዞ መርዘም ካቃተው ኀይሉን በማጠፊያዎቹ ላይ ያሳርፋል። በመካከሉ የአሉሚኒየም ወይም የመስታወት ጭረት ንብርብር ያለበት ፒ.ፒ.አር. መርዘሙ ከአንድ አራተኛ ብዙም አይበልጥም፤ ለረጅም የሙቅ መሥመር እርሱ ይመረጣል።

ፀሐይም ከዚህ የተለየች አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ከሮቶ የሚወርደው ነጭ ወይም አረንጓዴ ፒ.ፒ.አር. ሳይሸፈን በውጭ ከቀረ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ቆዳው እንደ ኖራ ይፈረፈራል፤ ይሰባበራልም። በውጭ የሚቀረው ወይ ጥቁሩ ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. ይሁን፥ ወይ ይሸፈን።

6. ስለ መገጣጠሚያ

የአክስቴ ግድግዳ በፈረሰ ጊዜ ውሃው ሲወጣ የተገኘው በሙቁ መሥመር ማጠፊያ ላይ ነው። ፒ.ፒ.አር. የሚዋሐደው መሣሪያው 260 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ፥ ባለ 25ቱ 7፥ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያም ሳይጠመዘዝ በቀጥታ ይገባና እስኪበርድ ሳይነካ ይያዛል። ከመጠን በላይ የሞቀ እንደ ሆነ የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተዋሐደም።

ሠራተኛው ራሱ እንዳስታወሰው በዚያ ቀን መብራቱ እየደከመና እየጠፋ ነበር። እርሱም ሥራውን ለመጨረስ ቸኵሎ በቀዘቀዘው መሣሪያ ሳይገጥም አልቀረም። ያ ደካማ መገጣጠሚያ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ መርዘምና ማጠርን ሲቀበል ኖሮ በመጨረሻ ለቀቀ። መድኀኒቱ ሁለት ነው፦ መብራት ሲደክም ሥራውን ማቆም፤ ልስን ከመደረጉ በፊትም መሥመሩን በውሃ ሞልቶ በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ መፈተን። ፕላስቲክ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ስለሚለጠጥ መለኪያው ዝቅ ቢል አያስደነግጥም፤ እንደ ገና ተሞልቶ ከዚያ በኋላ መውረዱን ከቀጠለ ግን አንድ ቦታ ያፈሳል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል።

1ኛ. ከቆጣሪ እስከ ሮቶ፥ በመሬት ውስጥና በፀሐይ ላይ፦ ጥቁር ኤች.ዲ.ፒ.ኢ.።

2ኛ. በግድግዳ ውስጥ ለቀዝቃዛ ውሃ፦ ፒ.ፒ.አር. ፒ.ኤን. 10 ወይም 16፤ በሮቶ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ዋናው መሥመር ከ25 ሚሊሜትር አይነስ።

3ኛ. ለሙቅ ውሃ፦ ፒ.ፒ.አር. ፒ.ኤን. 20፤ መሥመሩ ረጅም ከሆነ ንብርብር ያለበት፤ ለመርዘሙም ቦታ ይተውለት።

4ኛ. ቧንቧውና ፊቲንጉ የአንድ ፋብሪካ ሥራ ይሁኑ፤ ሳይፈተን ልስን አይደረግ።

አክስቴ «ዕድሜ ያለውን» ሲሉ የጠየቁት ትክክለኛ ነገር ነበር። ነገር ግን ዕድሜ በውፍረት ብቻ አይገኝም። ቧንቧው የት ይቀመጣል? ምን ያህል የሞቀ ውሃ ያልፍበታል? ማን፥ በምን ሁኔታ ይገጥመዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ወደ ሱቅ መሄድ ገንዘብን በግድግዳ ውስጥ መቅበር ነው። ሁለተኛው ሥራ በእነዚህ ጥያቄዎች ተመርቶ ተሠርቷል፤ ሙቁ መሥመር ባለ 25 ሚሊሜትር ሆኖ ከመለሰኑ በፊት ተፈትኗል። የአክስቴ ሮቶ ዛሬ ማታ እንደ ሞላ ጠዋት ይገኛል።