የችሎት ትርጉምና የሠርቶ አደሩ ጎጆ

ሕግ በወረቀት ላይ ሰፍሮ በመቀመጡ ብቻ ሙሉ ትርጉሙን አያገኝም። ትርጉሙ የሚገለጸው ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር ሲገናኝ፣ በተለይም በችሎት ፊት ክርክር ሲነሣበት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ሕግ ማለት አዋጅ ብቻ ስለሚመስለን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በቤታችን፣ በትዳራችንና በልጆቻችን ላይ ያለውን ኃይል በሚገባ አንገነዘብም። በመሆኑም ጉዳዩን በተጨባጭ ምሳሌዎች መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው የአገራችን የሕግ ሥርዓት በተጻፉ ሕጎች ላይ የቆመ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ አብነት ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ግን ለዳኝነት ውሳኔ አዲስ ክብደት ሰጠው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው የሚገኙትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ መርሕ አጽንቶታል።

ይህ ለሠራተኛውና ለሰፈር ነዋሪው ምን ማለት ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ቤትን እንመልከት። ሻጭና ገዢ በሽማግሌና በምስክር ፊት የሚፈራረሙት ወረቀት በተለምዶ «የመንደር ውል» ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ሲል፣ ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። የሁለቱ ድንጋጌዎች ግንኙነት ዳኞችን ሲያከራክር ቆየ። ሰበር ሰሚው ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በቁጥር 1723 የተመለከተው ሥርዓት ለውሉ መጽናት አስፈላጊ መሆኑን ወሰነ።

ውሳኔው ለማጭበርበር በር ይዘጋል፤ በአንፃሩ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በመንደር ውል ላይ ያፈሰሰውን ቅን ገዢ ለአደጋ ያጋልጣል። ውሉ ሲፈርስ የሚመለስለት የከፈለው ገንዘብ ነውና፣ የቤት ዋጋ በናረበት ጊዜ ያ ገንዘብ ያንኑ ቤት መልሶ አይገዛም።

በቤተሰብ ሕግም ረገድ ችሎቱ ያሳደረው ለውጥ ቀላል አይደለም። በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በተሰጠው ውሳኔ፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገች አክስትና ልጁን የጠየቀ አባት ተከራክረው ነበር። የበታች ፍርድ ቤቶች ለአባት ቢፈርዱም፣ ሰበር ሰሚው ችሎት ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን መሠረት አድርጎ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ወሰነ። በመዝገብ ቁጥር 20938 ደግሞ ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻቸው እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ተረጎመ።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ዳኛውን ሕግ አውጪ አያደርገውምን? ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። በሌላ በኩል ግን አንድ ዓይነት ጉዳይ በአንዱ ችሎት ተረትቶ በሌላው የሚረታ ከሆነ፣ እኩልነት የወረቀት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ራሱ ሊለውጠው መቻሉም ለእርምት በር ይከፍታል።

ስለሆነም የሰበር ውሳኔን ማወቅ ለጠበቆች ብቻ የሚተው ተግባር አይደለም። ውሳኔዎቹ በየቅጹ ታትመው ወጥተዋል። የሰፈር ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በስብሰባዎቻቸው ሊወያዩባቸው፣ ቤት የሚገዛ አባላቸውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ወደ ውልና ማስረጃ እንዲሄድ ሊመክሩት ይገባል። መብቱን አስቀድሞ ያወቀ ሕዝብ ጎጆውን ከመፍረስ ያድናል!