«ድሮም» ከማለታችን በፊት

ቡድን ተሸንፎ የጨዋታው ዘመን ሲዘጋ ከሰው አፍ ቀድማ የምትወጣ አንዲት ቃል አለች። «ድሮም!» የምትባለዋ ናት። ድሮም አይሆንልንም፣ ድሮም ዕድል የለንም፣ ድሮም እኛና ኳስ… እየተባለ ይቀጥላል። እኛ ደጋፊዎች ይህችን ቃል የምንወዳት ስለምታሳርፈን ነው። አንዴ ከተባለች ወዲያ ምን እንደተበላሸ መጠየቅ የለም፤ ማን ምን እንደሠራ ማስታወስም የለም። እኛ ግን ደጋፊ ብቻ ሳንሆን አስተማሪም ነንና ነገሩን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ፈተና የወደቀ ተማሪ «ድሮም ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ወረቀቱን ቀዶ ሲጥል ምን እንደሚከተል እናውቃለን። በሚቀጥለው ዓመት እዚያችው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ የአንድ ትልቅ ሽንፈት ወረቀት ይዘን አብረን እናርም። ወረቀቱ ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር ተጋጥመው ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ የተመለሱበት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ልጆቻችን ይህን ታሪክ አያውቁትም። ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም፤ የተወለዱትም በእናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ። እነሱ የሚያውቁት አርሰናልንና ማንቸስተርን ነው። አንድ ተማሪያችን በቅርቡ «ቲቸር፣ ኢትዮጵያ ዓለም ዋንጫ ገብታ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀን። «አልገባችም፤ አንድ ጊዜ ግን እስከ ደጁ ደርሳ ነበር» አልነው። «ታዲያ ማን ከለከላት?» አለ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ረጅም ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከሱዳን ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች አገር ናት። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ግን ለ31 ዓመት ወደዚያ ውድድር መመለስ አቃታት። በ2005 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለመመለስ ሱዳንን ማለፍ ነበረባት። መጀመሪያ ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ጎል ተቆጥሮብን «ድሮም» ያላለ ማን ነበር? ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንድ አንድ አገቡና 2 ለ 0 አለቀ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ሰው ሜዳ ላይ ብዙ ያገባነው እኛ ስለነበርን አለፍን። ልብ በሉ! ያሳለፉን በሽንፈቱ ቀን የገቡት ሦስት ጎሎች ናቸው። አምስት እየገባባቸው መሮጥ ያላቆሙ ልጆች ያገቧቸው።

በዚያው ዓመት ጥር ደቡብ አፍሪካ ሄደን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድባችን ተመለስን። ያም ሆኖ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች የዓለም ዋንጫውን ማጣሪያ ቀጠሉ። ምድቡ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናንና መካከለኛው አፍሪካን የያዘ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር ለአገሩ ቀድሞ አገባ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ከዚያ ያው ፓርከር ኳሷን በገዛ መረቡ ውስጥ ከተታት። 2 ለ 1! ከመካከላችን ያኔ አገር ቤት የነበርን አለን፣ ከድንበሩ ወዲህ የነበርንም አለን። በሞያሌ በኩል ደስታው የየትኛው አገር መሬት ላይ እንደቆምን አልጠየቀንም።

ጭፈራው ሳያልቅ የፊፋ ወሬ መጣ። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መቀመጥ የነበረበት አንድ ተጫዋች ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረና ሦስት ነጥብ ሄደ። ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ለስደተኛ አይነገረውም። በስሙ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ፣ የልደት ዘመኑ ተዛብቶ ቀጠሮው ለወራት የተገፋበት ሰው በየቤታችን አለ። ስለዚህ የዚያን ቀን ሐዘን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ልጆቹ ግን አልተቀመጡም። ጳጉሜን 2 ቀን፣ እንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው፣ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። ጨዋታው የተደረገው በብራዛቪል፣ በኮንጎ ነው፤ የመካከለኛው አፍሪካ ልጆች በአገራቸው ሰላም ጠፍቶ የራሳቸውን ጨዋታ በጎረቤት አገር ነበር የሚያስተናግዱት። በመጨረሻ እኛ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 11 ነጥብ ይዘን ምድቡን አንደኛ ሆነን ወጣን። የተቀነሰውን ነጥብ በላብ መለስን ማለት ነው።

ከዚያ የደርሶ መልሱ ማጣሪያ ደረሰ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከእረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ አገባና 1 ለ 0 መራን። ኢማኑኤል ኢመኒኬ አቻ አደረገ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ያንንም ኢመኒኬ አገባው። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቪክቶር ኦቢና በቅጣት ምት አግብተው 2 ለ 0 አለቀ። ድምር 4 ለ 1። ብራዚል ለናይጄሪያ ሆነች። የእኛም ዘመን እዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ ቀዩን እስክሪብቶ እናንሳ። ነጥቡ የት የት ላይ ሄደ?

አንደኛ፣ መዝገብ ላይ። አንዲት ቢጫ ካርድ በደንብ ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ ምድቡ ሰኔ ላይ አልቆ ነበር፤ ቡድኑም እስከ ጳጉሜን በጭንቀት አይቆይም ነበር። ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ። በሜዳችን እየመራን ቆይተን በ90ኛው ደቂቃ ተሸንፈን ወጣን። 1 ለ 1 እንኳ ይዘን ካላባር ብንሄድ ሌላ ጨዋታ ነበር። ሦስተኛ፣ መሠረት ላይ። ናይጄሪያ በ2005 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች ናት፤ እንደ ቼልሲው ጆን ኦቢ ሚኬል ያሉ በአውሮፓ ትላልቅ ክለቦች የሚጫወቱ ልጆች ነበሯት። የእኛዎቹ አብዛኞቹ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ደደቢት ባሉ የአገር ቤት ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩ። ይህ የሜዳ፣ የጫማና ከሕፃንነት የሚጀምር ሥልጠና ጉዳይ ነው። እዩት፣ ሦስቱም ምክንያት አላቸው፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ ይታረማል። «ድሮም» የሚባል መልስ በወረቀቱ ላይ አላገኘንም።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ስለ ኳስ ብቻ ብለን አይደለም። ሰሞኑን እዚህ ሶሎሎ የእኛ ልጆች ለፍጻሜ የሚያሳልፈውን ጨዋታ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈው የዘንድሮው ውድድራቸው አበቃ። በረኛው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄደን ስንጠይቅ አባቱ «ተዉት መምህር፣ ድሮም ኳስም ትምህርትም ለስደተኛ አልተፈጠረም» አሉን። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እኒህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብዙ ያዩና የደከሙ ሰው ናቸው። ነገር ግን እኛ በምሬት የምንጥላትን ቃል ልጅ አንስቶ ኑሮው ያደርጋታል። ያስፈራን ይህ ነው። አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ያመለጠው ልጅ ልምምድ ያስፈልገዋል እንጂ ከክፍል መቅረት አያስፈልገውም።

ለዚያ ልጅ የነገርነውን ለሁላችሁም እንንገራችሁ። በቅርብ ዓመታት የአገር ቤት ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገድዶ ነበር። ቡድኑም እንደኛው ስደተኛ ሆነ ማለት ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ ሁኔታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን አስተናገደ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ሽመልስ በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከነበሩት ልጆች አንዱ ነው፤ ካላባርንም አልፎ፣ ከዓመታት በኋላም እየተጫወተ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ማጣሪያ በመጨረሻ አላለፍንም። ሆኖም ሜዳ የሌለው ቡድን ግብፅን ማሸነፉ ተጽፎ ይኖራል።

አሁን የእረፍት ጊዜ ነው። እስከሚቀጥለው ውድድር ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። የየቡድኑ ኃላፊዎች አንድ ደብተር ግዙና ተጫዋች፣ ጎል፣ ቢጫና ቀይ ካርድ በየጨዋታው ጻፉ፤ ጽሑፍ የሚከብዳችሁ ካላችሁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ይጽፉላችኋል። ልጆች፣ ከጨዋታ በኋላ ከመበተናችሁ በፊት ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡና «የት ላይ ሄደብን?» ተባባሉ፤ ሰውን ግን አትስደቡ። ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ተሸንፎ ሲመጣ እግሩን ይታጠብ፣ እራቱን ይብላ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ጠይቁት። እስኪጨርስም አድምጡት።

በረኛው ማክሰኞ ዕለት ወደ ክፍል ተመልሷል። አባቱም ማታ ማታ ከቤታቸው ጀርባ ኳስ ሲመቱለት አይተናል። ምታቸው ግን ገና ነው፤ እሳቸውም ልምምድ ያስፈልጋቸዋል።

ቸር ያሰንብተን።